የሐጁ ፓስወርድ

ያስገቡኝ ቤት የሰሊጥ መጋዘን ነበር። ሰሊጡ ወጥቶ ሰው ገብቶበታል። በሩ ሲዘጋ መጀመሪያ ያስተዋልኩት ሙቀቱን ነው፤ ቀኑን ሙሉ የጋለ ቆርቆሮ ከላይ፣ አቧራ የለበሰ ሲሚንቶ ከታች። ስቀመጥ መዳፌ ላይ የሰሊጥ ፍሬ ተጣበቀ። አራገፍኩት፤ ሌላ ተጣበቀ፤ ከዚያ ተውኩት። መፍራት ነበረብኝ፤ ግን አልፈራሁም። እንቅልፍ እንዳልጠገበ ሰው ደንዝዤ ነበር።

አጠገቤ ለአጨዳ ከጎጃም የወረደ የቀን ሠራተኛ ተጋድሟል።

«አንተንስ ምን ብለው ነው?» አለኝ።

«ኢሜይል።»

«እሱ ደሞ ምንድን ነው?»

«በኮምፒውተር የሚላክ ደብዳቤ።»

«ኧረ እኔስ በእጄም መጻፍ አልችል፤ ምን ብለው አመጡኝ?» አለና ኮፍያውን ፊቱ ላይ ደፋ።

መተማ ዮሐንስ፣ ኬላው አጠገብ፣ ትንሽ የኮምፒውተር ሱቅ ነበረኝ፤ ዛሬም አለችኝ። የነጋዴዎችን ኢሜይል ኮምፒውተራቸው ላይ አስተካክላለሁ። ደንበኛ ፓስወርዱን ሲጽፍ ፊቴን ወደ በሩ አዞራለሁ። ማንም አላስተማረኝም፤ ሰው ሲታጠብ እንደማይታየው ነው። የማውቀው ፓስወርድ የአንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የሐጁ። ሐጁ ሽማግሌ የሰሊጥ ነጋዴ ናቸው። የእንግሊዝኛ ፊደል ስለማይለዩ በቃላቸው ነገሩኝና እኔው ጻፍኩላቸው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ለማንም ተንፍሼው አላውቅም።

ያሰረኝ መርማሪ የፈለገው ይህንኑ ፓስወርድ ነበር። ሐጁ ከድንበሩ ማዶ፣ ሱዳን ጋላባት ውስጥ፣ የንግድ ሸሪክ አላቸው። መርማሪው በሐጁ ስም «ቶሎ ድረስልኝ» የሚል ኢሜይል ሊልክለትና ሲሻገር ሊይዘው ነው። ሳይደብቅ ነገረኝ።

«የላኪው ቦታ ላይ የሽማግሌውን ስም ብንጽፍ አይበቃም?» አለ።

«ሰርቨሩ፣ ደብዳቤውን የሚያደርሰው ኮምፒውተር፣ አይልከውም። የሚልከው ሰው ማን እንደሆነ በፓስወርድ ያረጋግጣል።»

«እንግዲያው ፓስወርዱን ጻፈዋ።»

«አላውቀውም። ሰው ሲጽፍ ፊቴን አዞራለሁ።»

ሳቀ። ከሳቁ በኋላ የሆነውን መዘርዘር አልፈልግም። ግራ ጆሮዬ ዛሬም በደንብ አይሰማም።

ሌላ ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ እንደገና ጠራኝ። አሁን የተከፈተው የራሱ ላፕቶፕ ነው። መልእክት ይቀበላል፤ መላክ ግን እምቢ ብሎታል፤ አለቆቹ ደግሞ ሪፖርት ይጠብቃሉ። ብዙ ሰው የሚስተውን ነው የሳተው። ፓስወርዱን የሰጠው ለመቀበያው ብቻ ነው፤ መላኪያው ለብቻው ይጠይቃል። ማረጋገጫ እንደሚፈልግ በሚገልጸው ሳጥን ላይ ምልክት አደረግኩ፤ መልእክቱ የሚወጣበትን የፖርት ቁጥር ቀየርኩ። የፓስወርዱ ቦታ ብቅ ሲል ላፕቶፑን ወደ እሱ ገፋ አድርጌ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

አስቤበት አይደለም፤ ልማድ ነው። ግድግዳው ላይ አንዲት እንሽላሊት ነበረች። እሷን እያየሁ የቁልፎቹን ድምፅ ጠበቅሁ። ጀርባዬን እያየኝ እንደሆነ ታወቀኝ። ቆይቶ መጻፍ ጀመረ።

«ሄደ» አለ።

«እሺ» አልኩ።

ከዚያ ወዲያ የሐጁን ፓስወርድ አልጠየቀኝም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ምንም አልተሰማኝም። ወደ መጋዘኑ መልሰውኝ ተኛሁ።

ስፈታ ሐጁ ሱቄ ድረስ መጡ። ያለፈውን ሁሉ ነገርኳቸው።

«ፓስወርዱን እንቀይረው፤ ፊደሎቹን ላሳይዎና እኔ የማላውቀውን ራስዎ ይጻፉ» አልኳቸው።

«ለምን ብዬ?» አሉ። «አንተ እንደሁ አታውቀውም ብለሃል።»

ሸሪካቸው ዛሬም ማዶ ሱቁን ይከፍታል። የሐጁ ኢሜይል አልላክ ሲል ይጠሩኛል፤ ሄጄ አስተካክላለሁ። ፓስወርዱ ያው የድሮው ነው። እኔ ስጽፈው እሳቸው ፊታቸውን ወደ በሩ ያዞራሉ።