ወንድሜ ሱፍ ለብሶ አያውቅም

ውሸት ነው ብዬ ነው ከክፍል የወጣሁት።

ዛሬ ሦስተኛ ፔሬድ ላይ ዩኒት ሊደሩ በር ላይ ቆሞ ስሜን ሲጠራ፣ አጠገቡ የአጎቴ ልጅ ሲያለቅስ ሳየው፣ ወንድሜ ታሬ የሆነ ነገር አቀናብሮ ነው ብዬ አሰብኩ። ሳቄ ሁሉ መጥቶ ነበር። በውሸት ማስታወቂያና በውሸት የሎተሪ ዕጣ ስንቴ ጉድ እንደሠራን የምታውቁት ታውቃላችሁ።

ውሸት አልነበረም። ታላቅ ወንድሜ ታረቀኝ ትናንት ፎቶ ሊያነሳ አሰንዳቦ ሄዶ አደረ። ዛሬ ጠዋት ወደ ጅማ ሲመለስ የተሳፈረበት ሚኒባስ ተገልብጦ ሞተ። ሃያ አራት ዓመቱ ነበር። ቀብሩ ነገ ነው።

ማልቀስ አልቻልኩም። ተናድጃለሁ።

ከሰዓት ጀምሮ ሱፍና ቀይ ከረባት የለበሰ፣ ከኋላው ደመና ያለበት የታሬን ፎቶ እየተቀባበላችሁ ነው። ከስሩ ሻማ አለ። እባካችሁ አጥፉት። ያ ወንድሜ አይደለም። የሱ ጭንቅላቱ ብቻ ነው፤ አንገቱ እንኳን የሌላ ሰው ነው።

ታሬ እዚሁ ጅማ፣ መርካቶ ያለ ፎቶ ቤት ነበር የሚሠራው። ያን ሱፍ ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠ አንድ ሰማያዊ ሱፍ አለ። ሰው ሲሞት ቤተሰብ ጉርድ ፎቶ ይዞ ይመጣል፣ ጭንቅላቱ ተቆርጦ ሱፉ ላይ ይለጠፋል፣ ባነር ታትሞ ድንኳን ላይ ይሰቀላል። ገበሬውም ሹፌሩም ያው ሱፍ ነው። "ይሄ ሱፍ ከኛ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች በላይ ቀብር ሄዷል" ይል ነበር።

አንዴ ለበዓል ዋዜማ ሱፉን ለበግ አልብሶ፣ ከስሩ "በመልካም ጸባዩ በአካባቢው የተወደደ ነበር" ብሎ ለጠፈው። የጅማ ግማሹ ሳቀ። አጎቴ ግን ቤት ድረስ መጥቶ "ሰው በሞት ይቀልዳል?" አለው።

"በሞት አልቀለድኩም ጋሼ፣ በሱፉ ነው።"

"ሱፍ የሚያስለብስ ሥራ ብትፈልግ አይሻልህም?"

አሁን አለበሰው። በሞተ በስድስት ሰዓቱ።

እናንተንም እየታዘብኳችሁ ነው። ፍየሏ ብቻዋን ባጃጅ ውስጥ ተቀምጣ "ኮንትራት ነኝ፣ ሰው እንዳትጭን" የምትለውን ፎቶ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ታሬ ነው ያነሳት፣ እዚሁ ጅማ። ስሙን ቆርጦ "አዲስ አበባ" ብሎ የለጠፋት ትልቅ ገጽ አለ። ወንድሜ ነው ያነሳት ብዬ ብጽፍለት ብሎክ አደረገኝ። ያው ገጽ ዛሬ የሱፉን ፎቶ ለጥፎ "ወንድማችንን አጣን" ይላል። የማን ወንድም?

ድንኳን ውስጥ "ጌታ ለራሱ ፈልጎት ነው" የምትሉኝም፣ ሚኒባሱ ሃያ ሰው ጭኖ ነበር። እሱንስ ማን ፈለገው?

የሱ ፎቶ ከዚህ ጽሑፍ ጋር የለጠፍኩት ነው። ታሬ ሰው ማንሳት እንጂ መነሳት አይወድም፤ ያለኝ ይሄ ብቻ ነው። ባለፈው ክረምት ሄርማታ ሰፈር ስንሄድ አንድ ጋሪ "ማቆም ክልክል ነው" የሚለው ምልክት ስር ቆሟል። ፈረሱ ምልክቱን የሚያነብ ይመስል ቀና ብሏል።

"ኢላሊ" አለኝ ታሬ። እይ ማለቱ ነው። ሁሌ የሚለው ይሄን ነበር፦ "ኢላሊ፣ ከተማው ራሱ ይቀልዳል። አንተ ዝም ብለህ አንሳ።" ከዛ ጭቃው ላይ በደረቱ ተኛ።

የሱቅ በረንዳ ላይ የተቀመጡ አንድ አባት "ወላሂ ይሄ ልጅ ወደቀ" አሉ።

"አልወደቀም አባባ፣ ፎቶ እያነሳ ነው" አልኳቸው።

"የማንን?"

"የፈረሱን።"

"ታዲያ ፈረሱ ቆሞ እሱን ምን አስተኛው?"

ታሬ ይህን ሰምቶ ዞር ብሎ ሲስቅ ነው ያነሳሁት። ያንን ቢጫ ጃኬቱን ለብሷል፤ አገጩ ላይ ጭቃ አለ።

ዛሬ ፎቶውን ለአጎቴ አሳየሁት። "ጋሼ፣ ባነሩ ይቀየር። እሱ ይሄ ነው።"

"መሬት ላይ የተኛ ሰው ድንኳን ላይ ይሰቀላል? ሰው ምን ይላል?"

"አልተኛም። ሥራ ላይ ነው።"

"ዝም በል አንተ ልጅ። ዛሬ እንኳን እንደ ሰው ይታይ።"

እንደ ሰው። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ታዲያ ምን ሆኖ ነው የኖረው?

ታሬ፣ ባነሩ ተሰቅሏል። ላስወርደው አልቻልኩም፣ ይቅር በለኝ። የሠሩት የፎቶ ቤቱ ልጆች ናቸው፤ እያለቀሱ ነው የሠሩት፣ እነሱን መቆጣት አቃተኝ።

እማዬን ከጓዳ ደግፈው ሲያወጧት ቀና ብላ ባነሩን አየችውና "ይሄ የማን ልጅ ነው?" አለች። ሰዎቹ ሐዘኑ አእምሮዋን ነካው ብለው አለቀሱ። አልነካውም። በቤቱ ውስጥ ልክ የተናገረች እሷ ብቻ ናት።

ሄጄ ስልኬ ላይ የጭቃውን ፎቶ ከፍቼ ሰጠኋት። ብዙ አየችህ። ከዛ አገጭህ ላይ ያለውን ጭቃ በአውራ ጣቷ መጥረግ ጀመረች።

ስልኬን እስካሁን አልመለሰችልኝም። ፎቶውን ለክፍል ጓደኛዬ ልኬለት ስለነበር ይሄን በሱ ስልክ ነው የምጽፍልህ። አጎታችን ሁለቴ መጥቶ "ባነሩን እይው እንጂ፣ አምሮበታል" አላት። ቀና አላለችም።

ደህና ሁን ወንድሜ። ነገ እማዬ የምትሸኘው አንተን ነው።