ሱዠን ልጇን ይዛ ከተራራው የወረደችበት ቀን

ፓንግ ሱዠን የሉዎያንግ ከተማ የዘጠኝ ቁጥር አውቶቡስ ሹፌር ነበረች። እኔ አስራ አንድ ዓመት ከኋላዋ ትኬት ስቆርጥ ኖሬያለሁ፤ የምንኖረውም አንድ ግቢ ውስጥ ነው። ስለዚህ ይህን ታሪክ ከእሷም፣ ከባሏም፣ ከአማቷም ለየብቻ ሰምቼዋለሁ። ልዩነቱ አማትየዋ እማማ ሹ ባወሩት ቁጥር በመንገድ ያለፉበትን ገደል ትንሽ ትንሽ እያስረዘሙት መምጣታቸው ብቻ ነው።

ሱዠን ያኔ አርባ አንድ ዓመቷ ነበር። ባሏ ላይፉ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ደንበኛው ወንበሩ ላይ እስኪያንቀላፋ ድረስ በዝምታ የሚሠራ ሰው። አስራ ስድስት ዓመት በትዳር ሲኖሩ ልጅ አልሆነላቸውም። ሐኪም ቤቱንም የባህል መድኃኒቱንም ሞክረው ሲሰለቹ ነገሩን ያነሱት እማማ ሹ ናቸው። አንድ ቀን ምሳ ላይ የመብያ እንጨታቸውን ሳህኑ ላይ አጋድመው፣

«እኔን ያሳደገችኝ ሴት አልወለደችኝም» አሉ። «የአራት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው ለእሷ የሰጡኝ። ከዚያ በኋላ እናትሽ ማናት ብትሉኝ የማሳያችሁ እሷን ነው። እናንተ ምን ትጠብቃላችሁ?»

«እማ፣ ልጅ እኮ ከገበያ አይመጣም» አለ ላይፉ።

«ከገበያ ማን አለህ? ማመልከቻ ጻፍ ነው ያልኩህ!»

ጻፉ። ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ በመስከረም መጨረሻ፣ አውቶቡሶቻችን የሚያድሩበት ግቢ ቢሮ ስልክ ተደወለ። ሱዠን ጎማ ስታይ ስለነበር እጇ ጥቁር ነበር፤ መነጋገሪያውን እኔ ጆሮዋ ላይ ያዝኩላት። «እሺ... እሺ... ሦስት ዓመት ተኩል... እሺ» ስትል ቆይታ በዚያ በጥቁር እጇ አፏን ያዘች። ቀኑን ሙሉ ጺም ያበቀለች መስላ ነዳች፤ ማናችንም አልነገርናትም።

ልጅቷ ሩሩ ትባላለች። ጉዊጆ ክፍለ ሀገር፣ ተራራ ላይ ያለች መንደር ውስጥ፣ የሕፃናት ማሳደጊያው አደራ ያላት እትዬ ያንግ የምትባል ሞግዚት ቤት ነበር ያደገችው። ችግሩ ጊዜው ነው። ቅዳሜ የብሔራዊ በዓሉ እረፍት ይጀምራል፤ ቢሮዎች ሳምንት ሙሉ ዝግ ናቸው። ሱዠን ደግሞ በዓሉ የሥራ ጊዜዋ ስለሆነ ከሰኞ በላይ ፈቃድ አልተሰጣትም። አርብ ከቀኑ አስራ አንድ ሰዓት በፊት ወረዳው ከተማ ወርደው ካልፈረሙ ያለ ልጅ ሊመለሱ ነው።

«ሁለታችን እንሄዳለን» አለ ላይፉ።

«ሦስታችን» አሉ እማማ ሹ። ሻንጣቸውን ቀድመው አስረው ነበር።

ባቡሩ ላይ አንድ ቀን ከግማሽ ሲጓዙ፣ እማማ ሹ ያልነገሩት ተሳፋሪ አልቀረም። በሻይ ቅጠል የተቀቀለ እንቁላል እያደሉ «የልጅ ልጄን ላመጣ ነው!» ይላሉ። ሰውም ደስ ብሎት የሱፍ ፍሬ፣ ብርቱካን፣ የሕፃን ካልሲ ሳይቀር ይሰጣቸዋል። ሱዠን ግን ምግብ አልወርድ አላት። መስኮቱን ታያለች፣ ሽንት ቤት ደርሳ ትመለሳለች፣ እንደገና መስኮቱን ታያለች።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እትዬ ያንግ ግቢ ሲገቡ፣ ሩሩ የዳክዬዎቹን ገንዳ በእንጨት እየመታች ነበር። ጉንጯ በነፋስ የቀላ፣ ፀጉሯ አናቷ ላይ በቀይ ክር የቆመ፣ ትንሽ ልጅ። እንግዶቹን ስታይ እንጨቱን ጣለችና ሮጣ እትዬ ያንግ እግር ሥር ገባች።

«ነይ ውጪ፣ እማማሽ መጥታለች» አለቻት ሞግዚቷ።

ልጅቷ በአገሬው ቋንቋ አንድ ነገር አጉረመረመች።

«ምን አለች?» ሱዠን ጠየቀች።

እትዬ ያንግ ትምህርት ቤት በተማረችው የጋራ ቋንቋ ተረጎመችላት። «እማማዬ አንቺ ነሽ አለችኝ። አትቀየሚ፣ እህቴ። እኔንም መጀመሪያ ሁለት ሳምንት ጀርባዋን ሰጥታኛለች።»

ሱዠን ያመጣችላትን አሻንጉሊት ሩሩ ተቀብላ አየችው፤ መልሳም ሱዠን እግር ሥር አኖረችው።

አርብ ረፋዱ ላይ እትዬ ያንግ ልጅቷን አዝላ አምስቱም ወደ ወረዳው ከተማ በሚወርደው ትንሽ አውቶቡስ ተሳፈሩ። ሌሊቱን ዘንቦ ነበር። አንድ ሰዓት ያህል እንደተጓዙ ከተራራው የተናደ ድንጋይ መንገዱን ዘግቶት አገኙ። ወንዶቹ ወርደው ማንሳት ጀመሩ። ላይፉም በዚያ በፀጉር አስተካካይ እጁ ድንጋይ ተሸከመ። መንገዱ ሊከፈት ትንሽ ሲቀረው አንድ ትልቅ ድንጋይ ተንከባሎ የሹፌሩን የአቶ ዉን ቀኝ እጅ ደቆሰው። ሁለት ጣቶቹ ወዲያው አበጡ። መንገዱ ቢከፈትም ማርሽ መያዝ የማይታሰብ ሆነ። ስልክ ቢሞክሩ አይሠራም።

«መንጃ ፈቃድ ያለው አለ?» አለ አቶ ዉ ጥርሱን ነክሶ።

«እኔ ሞተር ሳይክል እነዳለሁ» አለ አንድ ጎረምሳ።

«አንተ ዝም ብለህ ቁጭ በል!» አሉት ተሳፋሪዎቹ በአንድ አፍ።

ይሄኔ እማማ ሹ ከመቀመጫቸው ተነሱ። «ምራቴ አለችላችሁ! አስራ ሰባት ዓመት አውቶቡስ ነድታለች! የዚህን እጥፍ የሚያህል!»

ሰው ሁሉ ዞሮ ሱዠንን አየ።

«እማ፣ ሉዎያንግ እኮ ሜዳ ነው» አለች በሹክሹክታ። «እኔ ተራራ ነድቼ አላውቅም።»

«ልጅ ወስደሽስ ታውቂያለሽ? እሱንም ዛሬ ነው የጀመርሽው። ተነሺ!»

ስምንት ሰዓት ሊሆን ነው። ሱዠን ላይፉን አየችው። ላይፉ ጭቃ የሆነ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና «አንቺ ከያዝሽው እኔ እተኛለሁ» አለ። ከእሱ አፍ ይህ ትልቅ ንግግር ነው።

መሪውን ያዘች። አቶ ዉ አጠገቧ ተቀምጦ በደህና እጁ እየጠቆመ ያስተምራታል። «ፍሬኑን ደጋግመሽ አትርገጪው፣ ይግላል። በሁለተኛ ማርሽ ያዢው። ሞተሩ ራሱ ያግተው... እንደሱ! አይዞሽ፣ እጅሽ ጥሩ ነው።» በስተቀኝ ግድግዳ የሚያህል ዓለት፣ በስተግራ ጉም የሞላው ገደል። የፊት መስተዋቱ ላይ የሚታየው የመንገዱ ጫፍ ብቻ ነው። የሚገርመው፣ አለችኝ በኋላ፣ ባቡሩ ላይ ሲያሰቃያት የነበረው ፍርሃት እዚያ ወንበር ላይ ስትቀመጥ ለቀቃት። እንዲያውም ራባት።

እትዬ ያንግ ልጅቷን ታቅፋ ከኋላዋ ባለው መቀመጫ ላይ ነበረች። በአንድ ጠባብ መታጠፊያ አጠገብ ሲደርሱ ከሱዠን ጆሮ ሥር ቀጭን ድምፅ ጮኸ፤

«ዲዲ!»

ሱዠን ደነገጠች። «ምን ሆነች?»

«ክላክስ ንፊ ነው የምትልሽ!» አለች እትዬ ያንግ። «በዚህ መንገድ ሲወርዱ ሁሌ እዚህ ጋ ይነፋል!»

ሱዠን ክላክሱን ተጭና ያዘችው። ከመታጠፊያው ማዶ ሌላ ክላክስ መለሰ፤ እንጨት የጫነ መኪና እያቃሰተ ብቅ አለና ጥጉን ይዞ አሳለፋቸው። አውቶቡሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አጨበጨበ። አቶ ዉ ዞሮ ሩሩን አያት። «እኔ ሕመሜን ሳስብ ረሳሁት፣ ይቺ አልረሳችም! በሚቀጥለው ዓመት ሥራዬን ትወስደዋለች።»

ከዚያ በኋላ ልጅቷን የሚያቆማት ጠፋ። ከእትዬ ያንግ ጉልበት ወርዳ የሱዠንን ወንበር ከኋላ ጨበጠች። መታጠፊያ በመጣ ቁጥር «ዲዲ!» ትላለች፤ ሱዠን ትነፋለች፤ ልጅቷ ትስቃለች። በመጨረሻ ተሳፋሪው በሙሉ አብሯት መጮህ ጀመረ። እማማ ሹ ከሁሉ በላይ ጮኸው ድምፃቸው ተዘጋ።

ወረዳው ከተማ ሲደርሱ አስር ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። አቶ ዉ በሐኪም ቤቱ በር ወረደና ሱዠን አውቶቡሱን፣ ተሳፋሪው ሁሉ «ግዴለም፣ ሂጂ፣ ሂጂ!» እያላት፣ በቀጥታ የምዝገባ ቢሮው ደጅ አቆመችው። ጸሐፊዋ መስኮቱን ልትዘጋ ነበር።

«አንድ ደቂቃ!» አለ ላይፉ። ጮኸ። ሱዠን በትዳር ዘመናቸው ሲጮህ ስትሰማው የመጀመሪያዋ ነበር።

ፈረሙ፣ አውራ ጣታቸውን በቀይ ቀለም አተሙ። ለምስክር ወረቀቱ በተነሱት ፎቶ ላይ ላይፉ ጭቃ ነው፣ ሱዠን ፀጉሯ ተበታትኗል፣ ሩሩ ወደ በሩ ዞራ እትዬ ያንግን ትፈልጋለች።

መለያየቱ ከባድ ነበር። እትዬ ያንግ ቀዩን ክር አጥብቃ አሰረችላትና ሳትዞር ሄደች። ልጅቷ እስከ ባቡር ጣቢያው፣ ባቡሩም ከተነሳ በኋላ አለቀሰች። ላይፉ ብርቱካን ቢልጥ፣ እማማ ሹ በተዘጋ ድምፃቸው ቢዘፍኑ፣ ወይ ፍንክች። ሱዠን ግን ተረጋግታ አቅፋ ያዘቻት። «ታልቅስ» አለች። «ሰው ትታ እየሄደች አይደል? ባታለቅስ ነበር የምፈራው።»

ሲነጋ ሩሩ ዓይኗ እንዳበጠ ተነሳችና ሱዠንን በጣቷ ነካ አደረገቻት። «ሹፌሯ» አለቻት፣ «ውሃ።»

ለሁለት ወር ያህል «ሹፌሯ» ነበር የምትላት። መቼ «እማ» እንዳለቻት ሱዠን ራሷ ቀኑን አታስታውስም፤ አንድ ጠዋት ጫማ ስታስርላት ብላታለች፣ ለሥራ ስለቸኮሉ ሁለቱም ልብ አላሉትም።

በሚያዝያ፣ የከተማችን አበቦች በፈኩበት ወቅት፣ ላይፉ ጉዊጆ ድረስ ሄዶ እትዬ ያንግን ለጉብኝት አመጣት። እኛ አውቶቡስ ላይ አሳፈርናት፤ ከሩሩ ጋር መስኮቱ ጋ ተቀምጣ ብዙ መንገድ ወደ ውጭ ስታይ ቆየች።

«እዚህ አገር ተራራ የላችሁም?» አለችኝ በመንደሯ አነጋገር።

ንግግሯ ስላልገባኝ ወደ ሩሩ ዞርኩ። ሩሩ ግን በስድስት ወር ውስጥ የእኛን አነጋገር ተክናው የመንደሯን ግማሹን ረስታዋለች። እየተንተባተበች ተረጎመችልኝ። መልሳም በእኛው በሉዎያንግ አነጋገር፣ «ተራራ የለንም፣ እማማ ያንግ፤ ግን እኛ ቤት ፎቅ ላይ ነው!» አለቻት። እትዬ ያንግ አንድም ቃል ሳይገባት ሳቀች፣ የልጅቷንም ጭንቅላት ጭኗ ላይ አስደገፈች። ልጅቷ ቀጣዩ ፌርማታ ሳንደርስ እንቅልፍ ወሰዳት።