የመኪናችን መሪ የከበደ ጊዜ

ዝገት የበላው የበር ማጠፊያ ሲጢጥ ባለ ቁጥር አዳማ ያለው የልጅነት ግቢያችን ይመጣብኛል። አባቴ አሮጌዋን የጣሊያን መኪና ከግቢ ሊያስወጣ መሪውን ሲያዞር እንዲያ ትጮህ ነበር፤ እኔን ትምህርት ቤት አድርሶ፣ ወደሚያስተምርበት ወደ መልካሳ ይሄድባት ነበር።

በጋው ሲበረታ መሪው ከበደ። አባቴ ለማዞር ከወንበሩ ብድግ እያለ፣ በላብ ተጠምቆ፣ «አርጅታለች» ይል ነበር፤ እናቴም መኪናዋን ትረግማት ነበር። ካልተሠራች ትሸጣለች ሲባል ሰማሁና በየቀኑ እጸልይላት ጀመር። ለመኪና ነው የጸለይኩት፤ አባቴን የሚያመው አልመሰለኝም፤ ይህ ዛሬም ያንገበግበኛል።

በበልግ ጋራዥ ወሰዳት። መካኒኩ ገመቹ ፊቷን በክሪክ አንስቶ መሪውን ወዲያ ወዲህ ሲያዞረው፣ ጎማው መሬት ስላልነካ ቀለለለት።

«የሚጮኸው መገጣጠሚያው ነው፣ ግሪስ ጨርሷል። የሚከብደው ግን በጎማው ነው። ጋሽ ታደሰ፣ ለምን እንዲህ አስተነፈሱት?»

«ሙቀቱ እንዳያፈነዳብኝ ነዋ» አለ አባቴ።

በእኛ አገር ሙቀት ሲመጣ ጎማ ማስተንፈስ እንደ ብልኀት ይቆጠር ነበር። ገመቹ ስቆ ነፋው፣ ግሪሱንም ሞላ፣ ጩኸቱም ጠፋ።

ክረምት ሲገባ ግን መሪው አባቴን እንደከበደው ነበር። ደጋግመን ጋራዥ ተመላለስን፤ ገመቹም ሁሉን ፈትሾ ምንም አላገኘም። አንድ ቀን ዝናቡ አባርቶ፣ ሜዳው ላይ በዝግታ እየነዳ ሳለ፣ አጠገቡ ተቀምጬ «እስኪ እኔ ልሞክር» አልኩት። እጄን ሰድጄ ባዞረው እሺ አለኝ፣ ያለ ምንም ትግል ዞረ።

«አባዬ፣ ድናለች እኮ» አልኩት በደስታ።

አባቴ መኪናዋን አቆመ። ቀኝ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ሊጨብጠው ሞከረ፣ ጣቶቹ ግን አልታዘዙትም። ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ነው። እኔም ምን እንዳደረግሁ ሳይገባኝ አብሬው አለቀስኩ።

በመስከረም መኪናዋ ተሸጠች። አባቴን የመረመሩት ሐኪሞች ለበሽታው ስም አወጡለት፣ የሚያድን መድኃኒት ግን አልነበራቸውም።

ዛሬ አባቴን የማጎርሰው እኔ ነኝ። ያኔ ጥፋቱ የመኪናዋ ነው ብለን ጎማ እናስነፋ፣ ግሪስ እናስሞላ ነበር፤ ከጋራዥ በተመለስን ቁጥርም ነገ ይቀልለዋል የምንልበት ተስፋ ነበረን። አሁን እጁን በእጄ ይዤ እቀመጣለሁ፤ የምወስደው ቦታ የለኝም።