ኑርሁሴን ቤት የጫነ ዕለት

ለንደን ውስጥ፣ ሰቨን ሲስተርስ አካባቢ ኑርሁሴን «እምቢ» ሲል የሰማ ሰው የለም። ሥራው አጥር መሥራት ነው። ፒክአፕ ስላለው ግን ፍሪጅ የሚያዛውር፣ አልጋ የገዛ፣ ስድስት ሻንጣ ይዞ የመጣ ዘመድ ከአየር ማረፊያ የሚቀበል ሁሉ የሚደውለው ለእሱ ነው። «እሺ ይበልጣል ከሺ» ይልና ቁልፉን ያነሳል።

ሚስቱ ሰቢሃ ሌላ ናት። ጠዋትና ከሰዓት በአንድ ትምህርት ቤት በር ላይ ቢጫ ካፖርት ለብሳ ልጆችን መንገድ ታሻግራለች። እጇን ስታነሳ ባለ ሁለት ፎቁ አውቶቡስ ቀጥ ይላል። የአውቶቡስ ሹፌሩ ሔኖክ፣ የኑርሁሴን የልብ ጓደኛ፣ «በዚህ ከተማ ከቀይ መብራት ይልቅ የምፈራው የሰቢሃን መዳፍ ነው» እያለ ይምላል።

እንግዲህ ይህ እምቢ የማያውቅ ሰው በሃምሳ አንድ ዓመቱ በፍቅር ወደቀ። ኬንት አጥር ሊሠራ ሄዶ ሳለ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ጀርባው ላይ ቤት ያዘለ ፒክአፕ አየ። ቤቲቱ በርና መስኮት አላት፤ በመስኮቷ አንዲት አሮጊት እንግሊዛዊት ሻይ ሲጠጡ ይታያሉ። ኑርሁሴን ዓይኑን ከእሳቸው መንቀል አቅቶት ነዳጁን ጫማው ላይ ሊያፈስ ምንም አልቀረው። ባልየው አዛውንት ሁሉንም አስረዱት። ቤቲቱ ካምፐር ትባላለች። ከመኪናው ጋር የተሰፋች አይደለችም፤ በአራት እግሮቿ መሬት ላይ ትቆማለች። ሽርሽር ሲያሰኝ ፒክአፑ ወደ ኋላ እየሄደ ከሥሯ ይገባና ያዝላታል፤ ሲመለሱ ያወርዳታል። የኑርሁሴን ልብ ዘለለ። ከሰኞ እስከ ዓርብ እንጨት፣ ቅዳሜና እሑድ ቤት!

ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያጠና ምክር አልጎደለበትም። ሔኖክ «ሽንት ቤትና ሻወር ያለውን ትልቁን ውሰድ፤ ከገቡ አይቀር!» አለው። ጋሽ ኪዳኔ፣ ከቅመም ሱቃቸው ጀርባ ሰፊ ግቢ ያላቸው የሰፈሩ ሽማግሌ፣ «ልጄ፣ ዕቃ ሲከብድ ነው የሚበረክተው» አሉት። ፀጉር አስተካካዩ አሸናፊ «ምን አደከመህ፣ ድንኳን ግዛ!» ብሎ ሳቀበት። ኑርሁሴን ለሁሉም «እሺ» አለ። ከዚያ ግን ብቻውን የፒክአፑን በር ከፍቶ በጎኑ የተለጠፈችውን ትንሽ ወረቀት አነበበ። መኪናው ከነጭነቱ እስከ ስንት ኪሎ እንደሚፈቀድለት እዚያ ላይ ተጽፏል። የባዶ መኪናውን ክብደት ቀነሰ፤ ውኃውን፣ ጋዙን፣ ፍራሹን፣ ድስቱን ቀነሰ። በመጨረሻ እርሳሱን ይዞ ወጥ ቤት ገባ።

«ሰቢሃዬ፣ ክብደትሽ ስንት ነው?»

ሰቢሃ ከምትከትፈው ሽንኩርት ቀና አለች። «ሃያ አራት ዓመት አብረን ኖረን ዛሬ ነው የምትመዝነኝ? ምነው፣ ገዢ መጣ?»

«ለመኪናው ነው።»

«እንግዲያው መኪናው ራሱ ይጠይቀኝ።»

ኑርሁሴን በግምት ጻፈ። ስንት ብሎ እንደጻፈ እስከ ዛሬ አልተናገረም።

ሒሳቡ የነገረው አንድ ነገር ነው፤ ሔኖክ ያለውን ትልቁን ቢጭን ፒክአፑ ከኋላ ቁጢጥ ብሎ የፊት ጎማዎቹ መንገዱን በወጉ አይዙም። ስለዚህ ትንሿን መረጠ። ጣሪያዋ በጉዞ ላይ ዝቅ ብሎ ይታጠፋል፤ ስለዚህ ነፋስ አያንገላታትም። ሲቆሙ ደግሞ ወደ ላይ ይገፋና ሰው ቀጥ ብሎ ይቆምባታል። ሁሉ ነገሯ ተደምሮ አራት መቶ ኪሎ አይሞላም። የገዛትም ከእነዚያው ከኬንቶቹ ባልና ሚስት ነው፤ ጉልበታቸው ደረጃዋን መውጣት አልችል ብሎ ነበር። አዛውንቱ ሲሸኙት ጣታቸውን ቀስረው «ስትጭን አንድ ሰው ብቻ ያሳይህ፤ አንድ!» አሉት። «እሺ» አለ ኑርሁሴን።

ጋሽ ኪዳኔ በግቢያቸው እንድትቆም ፈቀዱለት። ሰፈርተኛው መጥቶ ዞሮ ዞሮ አያት። «ይቺው ናት?» አለ።

ሰቢሃም አየቻት። ለእሷ ዕረፍት ማለት ክሮይደን ወርዶ የእህቷን የሪሐብን ጓዳ ማጽዳት ነው፤ ለስንት ዓመት እንዲያ ነው የኖረችው። እጆቿን ወገቧ ላይ አድርጋ ፍርዷን ሰጠች።

«ስማ፣ አንድ ጊዜ እሄድልሃለሁ። ቅዳሜ እኩለ ቀን፣ ልክ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ይቺ ሳጥን መኪናው ላይ ከወጣች ባሕሩ ድረስ እከተልሃለሁ። ስድስት ካለፈ ግን ባቡሬን ይዤ ክሮይደን እወርዳለሁ፤ አንተም ሳጥንህን ትሸጣታለህ። ሄጄም ካልወደድኳት ያው ትሸጣታለህ። እሺ?»

ምን ይላል? «እሺ» አለ።

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ሰው ሳይሰበሰብ ልጨርስ ብሎ፣ ግቢው ደረሰ። የፒክአፑን የኋላ ስፖንዳ አወለቀ። የካምፐሯን እግሮች በየተራ በክሪክ እያሽከረከረ ከፍ አደረጋት። መሪውን ጨብጦ ቢስሚላህ አለና የኋላ ማርሽ አስገባ። ግራና ቀኝ የሚተርፈው ክፍተት አራት አራት ጣት ነው።

የረሳው ነገር ቢኖር የገዛ ወገኑን ጠባይ ነው። የእኛ ሰው ወደ ኋላ የሚሄድ መኪና አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ አልተፈጠረበትም። ሞተሩ ከመነሳቱ ጋሽ ኪዳኔ ከሱቃቸው ብቅ አሉ፤ ከዘራቸውን እያወዛወዙ «ና! ና! ና!» አሉ። ሔኖክ ከሌሊት ፈረቃው ሲመለስ ድምፁን ሰምቶ ገባ። አሸናፊ መቁረጫ ማሽኑን እንደያዘ መጣ፤ ግማሽ ራሱ የተላጨ ደንበኛውም ጨርቁን ከአንገቱ ሳይፈታ ተከተለው።

«ና! አሁንም ና!»

«ቁም! ኧረ ቁም! ቀኝ ቁረጥ!» አለ ሔኖክ።

«ግራ ነው እንጂ! መልስ፣ መልስ፣ መልስ!» አለ አሸናፊ።

«ትንሽ ይቀረዋል» አለ ግማሽ ራሱ የተላጨው።

ኑርሁሴን በቀኙ ስፖኪዮ ጋሽ ኪዳኔን፣ በግራው ሔኖክን ያያል። ሔኖክ ልክ እንደሆነ ያውቃል፤ አውቶቡስ በመርፌ ቀዳዳ የሚያሳልፍ ሰው ነው። ግን ግቢው የጋሽ ኪዳኔ ነው፤ ሰባ አራት ዓመቱም የጋሽ ኪዳኔ ነው። በአንድ ዓይናቸው ሞራ እንዳለባቸው ደግሞ ሁሉም እያወቀ አላየሁም ይላል። ታላቅ ሰው «ና» እያለ እንዴት ይቆማል? ሄደ።

ጓ!

ካምፐሯ አንድ እግሯን ተመትታ እስክስታ መታች። «ያ ረቢ!» አለ አንዱ፤ «እመቤቴ!» አለ ሌላው። ተወዛወዘች፣ አሰበችበት፣ ቆመች።

«ነግሬህ ነበር» አሉ ጋሽ ኪዳኔ።

«ምን ብለው ነው የነገሩት?» አለ ሔኖክ።

«ና ብዬ!»

ወጣ፤ እንደገና ገባ። አራት ሰዓት ሆነ። ወጣ፤ ገባ። አምስት ሆነ። ስምንት ጊዜ ሞክሮ ስምንቱንም ጠማማ ገባ። ላቡ አንገቱ ላይ ይወርዳል፤ እሱ ግን መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ለጋሽ ኪዳኔም «እሺ»፣ ለሔኖክም «እሺ»፣ ለአሸናፊም «እሺ» ይላል። ስምንተኛው ላይ መኪናውን መልሶ አወጣና ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። ወንዶቹ እጃቸውን እየዘረጉ ክፍተቱን በስንዝር፣ በጫማ፣ በከዘራ ይለካሉ፤ የሁለት ሰው ልክ አልገጥም አለ።

ስድስት ሰዓት ሊሞላ ሃያ አምስት ደቂቃ ሲቀር ሰቢሃ ቦርሳዋን አንግታ ደረሰች። ለባሕርም ለክሮይደንም የሚሆን ቦርሳ ነው። ሰዓቷን አየች፤ ባሏን አየች። «ለማንኛውም ውስጧን ልይ» ብላ ደረጃዋን ወጣች፤ በሩም ተዘጋ።

አምስት ደቂቃ ቆየች። ዐሥር። ኑርሁሴን ከክርክሩ መሀል ዞር ሲል ደረጃው ላይ የሰቢሃን ጫማ አየ። አውልቃ ነው የገባችው። ጎን ለጎን አስተካክላ አስቀምጣዋለች። ለሳጥን ጫማውን የሚያወልቅ ሰው የት አለ? ደረቱ ውስጥ አንድ ነገር እንደ ፊኛ ተነፋ።

በሩ ተከፈተ። ሰቢሃ ጫማዋን አድርጋ ወረደችና በቀጥታ ወደ ሽማግሌው ሄደች።

«ጋሽ ኪዳኔ፣ እርስዎ ሳይመርቁን እንዴት ብለን ነው የምንወጣው?»

የጋሽ ኪዳኔ ምርቃት የታወቀ ነው። ሰርግ ላይ ሲመርቁ ወጡ ይረጋል። ሽማግሌው ፊታቸው በራ፤ ከዘራቸውን ለአሸናፊ አስያዙና ዓይናቸውን ጨፍነው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ሌላውም ሁሉ መዳፉን ከፍቶ መቆም ግድ ሆነበት። መዳፉን ለምርቃት የዘረጋ ሰው ደግሞ ቀኝ ቁረጥ፣ ግራ ቁረጥ ማለት አይችልም፤ ከአሜን በቀር ቃል አይወጣውም።

«አሁን ግባ» አለች ሰቢሃ ባሏን በሹክሹክታ። ከካምፐሯ ጎን ሄዳ አንድ እጇን አነሳች።

«እግዜር መንገዱን ጨርቅ ያድርግላችሁ!»

«አሜን!»

ፒክአፑ ተንቀሳቀሰ። ኑርሁሴን የሚያየው አንድ ስፖኪዮ፣ በስፖኪዮው ውስጥም አንድ እጅ ብቻ ነው። ሁለት ጣት ወደ ግራ ዘንበል አለ፤ መሪውን ዘንበል አደረገ።

«ክፉ አይንካችሁ!»

«አሜን!» «አሚን!» አለ ኑርሁሴንም በመስኮቱ።

ሔኖክ መዳፉ እንደተዘረጋ በአገጩ ወደ ቀኝ መጠቆም ጀመረ። ሰቢሃ ዞር ብላ አየችው። አገጩ ቆመ።

«ያሰባችሁት ይሙላ! ወጥቶ መግባቱን ይስጣችሁ!»

«አሜን!»

አራት ጣት በዚህ፣ አራት ጣት በዚያ። ቀስ፣ ቀስ።

«የአብራካችሁን ክፋይ ዘንድሮ ያሳያችሁ!»

«ጋሼ፣ እሱን ይዝለሉት!» አለች ሰቢሃ እጇን ሳታወርድ።

«አሜን!» አለ ግቢው በሙሉ፤ ግማሽ ራሱ የተላጨው በሳቅ ጨርቁን ነክሶ ቀረ። ያኔ መዳፏ ተገተረ። ኑርሁሴን ፍሬን ያዘ። ከኋላው የሰማው ድምፅ ትራስ በትራስ ላይ እንደ መጣል ያለ ነው።

ምርቃቱ የልጅ ልጅ ላይ ሲደርስ እግሮቿ ተሰብስበው ነበር፤ ለሰባተኛው ትውልድ ሲጸለይ ሔኖክና ኑርሁሴን አራቱን ማዕዘን ከመኪናው ጋር አጥብቀው አሰሩ። ጋሽ ኪዳኔ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ኧረ! መቼ ገባች?»

«በእርስዎ ምርቃት ነዋ!» አለች ሰቢሃ።

«አያችሁ?» አሉ ሽማግሌው ከዘራቸውን እየተቀበሉ። «እናንተ ስትንጫጩ መች ሆነ!»

ስድስት ሰዓት ሊሞላ አራት ደቂቃ ይቀር ነበር።

ከቴምዝ ወንዝ ሥር የሚያልፈውን ዋሻ እንደወጡ የሰቢሃ ስልክ ጮኸ። ሪሐብ ናት።

«የት ደረስሽ? ቁም ሣጥኑን አውጥቼ እየጠበቅሁሽ ነው።»

«ቤቴ ነኝ።»

«የምን ጩኸት ነው ታዲያ የምሰማው?»

«ቤቴ እየሄደ ነው።»

«ሰቢሃ፣ እህቴ፣ ደህና ነሽ?»

ሰቢሃ አፏን በሻሿ ሸፍና በሳቅ ትንፈቀፈቃለች፤ ኑርሁሴንም ዕንባው መንገዱን ስለጋረደው ፍጥነቱን ቀንሶ የዳሩን መስመር ያዘ። ከኋላ የመጣ የጭነት መኪና ጥሩምባ ነፋባቸው፤ ያም አሳቃቸው።

ያን ቀን ባሕሩ አጠገብ ቆሙ፤ ጣሪያውን አብረው ገፍተው ከፈቱ፤ ሩዝ ቀቅለው በሉ፤ ነፋሱ ካምፐሯን እንደ አንቀልባ ሲያወዛውዛት ተኙ። ወደደቻት? አልወደደቻትም? ኑርሁሴን አልጠየቀም። ፍርዷን እንዳይሰማ ይሁን እንዲሰማ ሳያውቅ፣ ጠዋት ቢነቃም እንደተኛ መስሎ በአንድ ዓይኑ አጮለቀ።

ሰቢሃ ፍራሹ ላይ ተንበርክካ ጀርባዋን ሰጥታዋለች። መስኮቱ መጋረጃ የለውም፤ ከመስታወቱ ማዶ ባሕሩ ግራጫ ሆኖ ይተኛል። እሷ ግን ባሕሩን አልነበረም የምታየው። በቀኝ እጇ መስኮቱን ከጥግ እስከ ጥግ ትሰነዝራለች።

«ሁለት ስንዝር... ሦስት... ከጋት» አለች ለራሷ። «ሰማያዊ ይሻላታል። ከሥሩ ጥለት ያለው።»

ወደ ሁለተኛው መስኮት ተሻገረች፤ እሱንም ለካች። ኑርሁሴን ብርድ ልብሱን አፉ ውስጥ ጠቀጠቀ፤ ትከሻው ግን አልታዘዝ አለው።

«ተኝተህ አትሳቅ» አለች ሰቢሃ ሳትዞር። «አልጋው እየተነቃነቀ ልኩን አሳሳትከኝ።»