የወንድሜ ሰርግና የዴኩ ክርክር

ባለፈው እሑድ ምሳ ላይ ሁለቱ ልጆቼ የማን ስልክ ይበልጣል ብለው ተጣሉ። ትልቁ የእሱ ስልክ ፎቶ ሲያነሳ የቅንድብ ፀጉር ይለያል ይላል። ትንሹ ደግሞ የእሱ ባትሪ ቶሎ እንደማያልቅና ቻርጀሩ በየሱቁ እንደሚገኝ ይምላል። ሁለቱም ጢም ያወጡ፣ ደመወዝተኛ ሰዎች ናቸው። ሽሮው ከፊታቸው እንዳለ ቀዘቀዘ። «እማ፣ አንቺ ፍረጂ» ሲሉኝ ሳህኖቹን ሰብስቤ ወደ ጓዳ ገባሁ። እንዲህ ላለው ክርክር ዳኛ የመሆን አቅሜ ካለቀ ቆይቷል።

ዕቃ እያጠብኩ ግን ሐሳቤ አስመራ ሄደ። የኤርትራ ነፃነት ከመጣ ብዙም ያልቆየበት ክረምት ነበር። ጠዋት ፀሐይ፣ ከሰዓት በኋላ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ፤ በየመንገዱ ጥግ በለስ የሚሸጡ ሴቶች ባልዲያቸውን ይዘው በረንዳ ስር ይጠጋሉ። እኛ የምንኖረው ሓዝሓዝ የሚባል ሰፈር ነበር። አባቴ የጎንደር ሰው ስለነበር፣ እሱ ከሞተም በኋላ በቤታችን አማርኛና ትግርኛ እንደተቀላቀሉ ቀሩ። እኔ የአማርኛ መምህርት ነበርኩ። ነፃነቱ ሲመጣ ትምህርቱ በትግርኛ ሆነና የማስተምረው ጠፋ፤ ከትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት አስቀምጠውኝ ለሌሎች መምህራን ጠመኔ ሳድል እውላለሁ። ሃያ አምስት ዓመት ሳይሞላኝ ጡረታ የወጣሁ ይመስለኝ ነበር። ማታ ማታ ከተማው ሁሉ ወጥቶ ይንሸራሸራል፣ ይሳሳቃል፤ እኔ ግን ቶሎ ይደክመኛል።

በዚያ ዘመን አስመራ ውስጥ ሰው የማይጠብቅ ቤት አልነበረም። አንዱ ከሳሕል በረሃ የሚመለስ ታጋይ ይጠብቃል፣ ሌላው ከውጭ አገር። እናቴ አደይ ለተብርሃን የምትጠብቀው ታላቅ ወንድሜን ሀብቶምን ነበር። በደርግ ጊዜ በእግሩ ወደ ሱዳን ወጣ፣ ከዚያ ጅዳ ተሻገረ። ፎቶ ይልክልናል፤ ግን ፎቶው ላይ ሁልጊዜ ተቀምጧል። ወይ ሶፋ ላይ፣ ወይ መኪና ውስጥ ሆኖ በመስኮት ብቅ ብሎ፣ ወይ ትልቅ የአበባ ማስቀመጫ ከፊቱ ተደቅኖ። በመንገድ ላይ ፈንጂ ረግጧል የሚል ወሬ አንድ ሰሞን ተናፍሶ፣ የረገጠው ሌላ ሰው ነው ተብሎ ተዳፈነ። በእናቴ ልብ ውስጥ ግን አልተዳፈነም። ከጅዳ የመጣን ሰው ሁሉ ታስቆመዋለች።

«ልጄ ይራመዳል?»

«ደኅና ነው አደይ፣ እንዲያውም ወፍሯል» ይሏታል።

«መወፈሩን ማን ጠየቀ» ትላለች፣ ሰውየው ከሄደ በኋላ።

እንዲህ ስንል ሀብቶም አገባ። ሙሽራይቱ ትርሓስ የአስመራው የዓኽርያ ሰፈር ልጅ ናት፤ እዚያው ጅዳ በሰው ቤት ሠራተኛ ሆና ነው የተገናኙት። ያን ጊዜ ውጭ የሚያገቡ ልጆቻችን ሁለት ጊዜ ነበር የሚዳሩት፤ አንዴ እዚያ፣ አንዴ ደግሞ ቪዲዮው ሲመጣ እዚህ። ዳስ ይጣላል፣ ሱዋ፣ የእኛ ጠላ፣ ይጠመቃል፣ ዘመድ ይጠራል፤ ቴሌቪዥኑ ከፍ ካለ ቦታ ይቀመጥና ሙሽሮቹ ሲገቡ ቤቱ በእልልታ ይናጋል። ሁለቱ ወገን አማቾችም ብዙ ጊዜ የሚተዋወቁት እዚያ ቴሌቪዥን ፊት ነው። የሀብቶም ካሴት መጥቷል ሲባል እናቴ መሬት ሳመች።

«በሰርጉ ቀን ተቀምጦ የሚውል ሙሽራ የለም» አለችኝ። «ጓይላው፣ ጭፈራው ሲመታ ይነሳል፣ ከበሮውን ይዞራል። ያኔ አየዋለሁ፣ ጓለይ፣ ልጄ።»

ካሴቱ ግን ትንሽ ሆኖ ተገኘ። በሰፈራችን ያሉት የቪዲዮ ማጫወቻ ዴኮች ሁሉ ቪኤችኤስ የሚባለውን ትልቁን ካሴት ነው የሚጎርሱት፤ ሀብቶም የላከው ቤታ የሚባለውን ትንሹን ነው። እኛ ከምናውቀው ሰው የቤታ ዴክ ያለው አያ ጎይትኦም ብቻ ነበር። ዓኽርያ ውስጥ ሬዲዮና የኤሌክትሪክ ምድጃ የሚጠግን፣ ያንን ዴኩን ከሚስቱ አስበልጦ ይወዳል እየተባለ የሚታማ ሰው ነው። «አመጣዋለሁ፣ ምን ችግር አለ» አለ። ነገሩ እዚያ ላይ ባለቀ ነበር፤ የእናቴ ወንድም አኮይ ተስፋይ ባይኖር።

አኮይ ተስፋይ በወጣትነቱ ቃኘው በሚባለው የጦር ሰፈር ውስጥ ለአሜሪካኖቹ ስለሠራ፣ ሽቦ ያለው ዕቃ ሁሉ እኔን ይመለከተኛል ባይ ነው። ካሴቱን ገና ሲያየው ፊቱን አጨማደደ። በቤታ አይታይም፣ መጀመሪያ ወደ ትልቁ ካሴት ይቀዳ አለ። እሱ መሀል ከተማ የሚያውቀው ፎቶ ቤት አለ፤ ወስዶ ያስቀዳዋል። ኪሱ ከቶት ሄደ። ከዚያ ወዲያ በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እሱና አያ ጎይትኦም እኛ ቤት እየተገናኙ፣ እኔ በለስ እየላጥኩላቸው፣ እናቴ ምስር እየለቀመች፣ የማያልቀው ክርክር ተጀመረ።

«አያ ተስፋይ፣ ምስሉ እኮ አይገናኝም!» ይላል ጎይትኦም። «በቤታ ሲያዩት የሰውየው ላቡ ሳይቀር ይታያል።»

«የሰው ላብ ለማየት ነው ዴክ የሚገዛው? ጎይትኦም ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ትልቁን ካሴት በየሱቁ ታገኘዋለህ። ጎረቤትህ ያውስሃል። ያንተን ማን ያውስሃል? ራስህ ለራስህ?»

«ብዙ ሰው ስለያዘው በለጠ ማለት ነው? ዝንብም ብዙ ነው!»

«ዝንብ ቢያንስ ሰው ቤት ይገባል። ያንተ ንስር ዓኽርያ አልጋህ ስር ተኝቷል።»

እንስቃለን። ቀጥሎ ግን አኮይ ተስፋይ ድምፁን ዝቅ ያደርግና «ያ አሮጌ ዴክ ካሴቱን ቢበላውስ? የልጁ ሰርግ ሌላ ቅጂ የለውም» ሲል እናቴ እጇ ምስሩ ላይ ይቆማል። ጎይትኦም ተቆጥቶ ይነሳል፤ ዴኩ ካሴት በልቶ እንደማያውቅ በማርያም ይምላል። እኔ ሁለቱንም ከነዴካቸው ዝናብ ላይ ማስወጣት ያምረኝ ነበር። የሚገርመኝ ደግሞ፣ አኮይ ተስፋይ ቪዲዮ በተከፈተ ቁጥር መጀመሪያ የሚያንኮራፋው እሱ ነው። ይህን ሁሉ ፍቅር ለቪኤችኤስ ከየት አመጣው?

ካሴቱም አልቀዳ አለ። አኮይ ተስፋይ አንዴ መብራት ጠፋ ይላል፣ አንዴ ባለሙያው ምጽዋ ወረደ፣ አንዴ ወረፋ ነው። የፍልሰታ ጾም ገባ፣ ተጋመሰ። አንድ እሑድ እናቴ ሰፌዱን አስቀመጠችና «ከሁለቱ ዴክ የሚሻለው ልጄን የሚያሳየኝ ነው» አለች። «ፍልሰታ ሲፈታ አማቾቼን ጠርቻለሁ። ተቀዳም አልተቀዳም፣ ካሴቴ ይምጣ።»

የዚያን ለት አኮይ ተስፋይን እስከ ፌርማታው ሸኘሁት። አውቶቡሱ ዘገየ። ድንገት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ ካሴቱ ከእሱ ቤት ወጥቶ እንደማያውቅ ነገረኝ። ከጅዳ የመጣ ወዳጁ ሁሉን አጫውቶታል፤ ፈንጂውን የረገጠው ሀብቶም ራሱ ነው። የቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች የለም፤ ሰው ሠራሽ ነው የሚያደርገው።

«እኔ ስለ ዴክ ምን አውቃለሁ ብለሽ ነው» አለኝ። «ልቧ ደካማ ነው። ዛሬ ነገ ስል፣ መናገሪያው ሲጠፋኝ፣ መከራከሩ ቀለለኝ።»

«ታዲያ ሰው በሞላበት ዳስ ከምታየው ቀድመህ ብትነግራት አይሻልም?»

«እወ፣ ይሻላል። አንቺ ንገሪያት።»

አውቶቡሱ መጣ፣ ተሳፈረ። እኔም አልነገርኳትም፤ እሱም አልነገራት። የደከመው ሰው ነገን ማመን ይወዳል።

ጾሙ የተፈታ ለት ከዶሮው ወጥ፣ ከጸብሒው በኋላ ዝናቡ የዳሱን ሸራ ይደበድበው ጀመር። ጎይትኦም ዴኩን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ በጋሪ አመጣው። የትርሓስ እናት ነጠላዋን አጣፍታ ከፊት ተቀምጣለች፤ እጇን ታፍተለትላለች፣ ሱዋውን አልቀመሰችም። አሁን ሳስበው እሷም ታውቅ ነበርና እግር የሌለው አገባች ብሎ ሰው ልጇን እንዳያማት ትፈራ ነበር። አኮይ ተስፋይ ካሴቱን ከኮቱ ሲያወጣ ላብ አጥምቆታል። ዴኩ ካሴቱን ዋጠ። ሙሽሮቹ ታዩ፤ ከወገብ በላይ፣ ኬክ ፊት ለፊት ተቀምጠው። ዳሱ በእልልታ ተናጋ። እናቴ ግን እልል አላለችም። ትጠብቃለች።

ከበሮው ተመታ። አኮይ ተስፋይ ብድግ ብሎ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆመ። «ምስሉ ተበላሸ! አላልኩም? ዝጋው ጎይትኦም፣ ይበላዋል!»

«የቱ ነው የተበላሸው?» አለ ጎይትኦም፣ ከልቡ ተጎድቶ።

«ተስፋይ» አለች እናቴ። «ዞር በል።»

ዞር አለ። ወንድሜ ከዘራውን ተደግፎ ተነሳ። ቀኝ እግሩን ከጎኑ ወደ ውጭ እየወረወረ፣ በየእርምጃው ትከሻው ወደ አንድ ወገን እየወደቀ ወደ ጓይላው ገባ። የጎይትኦም ምስል እውነትም ጥሩ ነበር፤ ምንም አልሸሸገም። የሚሰማው ዝናቡና የቴሌቪዥኑ ከበሮ ብቻ ነበር። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

«ወደ ኋላ መልሰው፣ ወደይ፣ ልጄ» አለች እናቴ።

ጎይትኦም መለሰው። እንደገና ተነሳ፣ እንደገና ዞረ። ደግማ አስመለሰችው። በሦስተኛው ከወንበሯ ተነስታ ወደ ቴሌቪዥኑ ሄደችና ጣቷን መስታወቱ ላይ አኖረች። እግሩ ላይ አልነበረም፤ የሙሽራይቱ ነጭ ቀሚስ ጫፍ ላይ ነው።

«እዩዋት» አለች። «ከበሮው ይሮጣል፣ ሰዉ ሁሉ ከከበሮው ጋር ይሮጣል። እሷ ከእሱ ጋር ነው የምትሄደው።»

ያኔ ቀና ብዬ አየሁ። እውነቷን ነው። ትርሓስ ሌሎቹ እያለፏት፣ ዜማውን እየሳተች፣ አንድ እርምጃ ትሄድና እሱ እስኪደርስ ትቆያለች። ፊቷ ላይ ምንም የተለየ ነገር የለም።

«ለተ ሓብተይ፣ እህቴ፣ ልነግርሽ ፈልጌ...» አለ አኮይ ተስፋይ።

«እግሩንስ ፎቶው ነግሮኝ ነበር» አለችው። «አጠገቡ ማን እንደሚሄድ ነው ያልነገረኝ።»

ሄዳ የትርሓስን እናት ጉልበት ሳመች። ሴትዮዋ «አይፋልን፣ አይሆንም!» እያለች ልታነሳት ስትታገል ሁለቱም ወለሉ ላይ ተቃቅፈው አለቀሱ። ከዚያ እናቴ እዚያው እንደተንበረከከች እልል አለች፤ ዳሱም ተከተላት። ስለ ዴክ ያን ቀን ዳግመኛ የተናገረ ሰው አልነበረም።

እናቴም አኮይ ተስፋይም አሁን የሉም። እኔ አዲስ አበባ ከመጣሁ ዘመን አልፏል፤ የቱ ዕቃ ከየቱ እንደሚሻል ዛሬም አላውቅም፣ ለማወቅም ጉልበት የለኝም። ጉልበቴ ራሱ ታሟል፤ ደረጃ ስወርድ ግድግዳ ይዤ ነው። ያን እሑድ ከምሳ በኋላ ልጆቼ ለቅሶ ቤት ሊያደርሱኝ አብረን ወጣን። እየተከራከሩ ቀድመውኝ ሄዱ። ክፋት የላቸውም፤ ወጣት እግር ነው፣ ኋላውን አያይም። አልጠራኋቸውም። ቀስ እያልኩ ከኋላ ሆኜ አየኋቸው፤ አንዳቸው እስክደርስ ቆም ይል እንደሆነ። ጥጉን እስኪታጠፉ አየሁ።