አርባ ቋጠሮ

ልብስ ሰፊዋ ታላቅ ወንድሟን አውቀዋለሁ ብላ ደፍራ ተናግራ አታውቅም። አንድ ቤት አድገው እንኳ ከምታውቀው የማታውቀው ይበዛል። አጥር ሠሪ ነው፤ ራሱን ግን መሐንዲስ ይላል። ሹመቱን የሰጠው ማንም የለም፤ ራሱ ለራሱ ነው የሾመው።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየሜትሩ የተቋጠረ ገመድ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ደረቱን ነፍቶ ሲንጎራደድ ኖሯል። የአጥር ሽቦ ስንት እንደሚበቃ ዙሪያውን ለክቶ ይናገራል፤ እዚያ ላይስ አይታማም። ከዙሪያ ሌላ ልኬት በዓለም ላይ ያለ አይመስለውም፤ ጉዱ ይህ ነው። አንዴ የእህቱን ክፍል ወለል ላንጥፍልሽ ብሎ ዙሪያውን ለክቶ ምንጣፍ ገዛ። ምንጣፉ ክፍሉ መሃል ላይ ሲያልቅበት፣ "ክፍልሽ ጠማማ ነው" ብሏት ወጣ።

እናታቸው ስትሞት ከቤቷ ኋላና ጎን ያለውን ባዶ ቦታ ለመካፈል ተገናኙ፤ አጎታቸው ሊዳኙ መጡ። እሷ የተከራየችውን የስፌት ክፍል በወሩ መጨረሻ ልቀቂ ተብላለች፤ የሚደርሳት ቦታ ላይ መሥሪያ ካላቆመች የስፌት መኪናዎቿን ይዛ ሜዳ ላይ መውደቋ ነው።

ወንድሟ የኋላውን ቦታ በገመዱ ዞረ። በየጎኑ አሥር ሜትር ነው። "አርባ ቋጠሮ!" አለ። የጎኑን ቀጭን ቦታ ዞረ። ርዝመቱ አሥራ ስምንት፣ ወርዱ ሁለት ነው። "ይኸው፣ ይሄም አርባ! እኩል ናቸው። እኔ የኋላውን ወስጃለሁ።"

አጎትየው በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። እሷ ወደ ወንድሟ ዞረች።

"ጋሼ፣ በዚህ ላይ ቤት ስሠራ መቁረጫ ጠረጴዛዬ ከገባ እኔ በጣሪያ ነው የምገባው?"

"ቅጠኚ! ገመድ አይዋሽም።"

"ገመዱ የነገረህ ስንት ሽቦ እንደሚፈጅ ነው። ሜትር በሜትር የሆነ ጨርቅ ብናነጥፍ ያንተ መቶ ይፈጃል፤ የኔ ሠላሳ ስድስት።"

"እሱ የሴት ቁጥር ነው" አለ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

"እሺ፣ እኩል ከሆኑ እንለዋወጥ።"

መሐንዲሱ ገመዱን ጠቀለለ። ወደ ኋላው ቦታ አየ፣ ወደ ጎኑ አየ። "እኔ... እዚያ ምሰሶ የምተክልበትን አስቤ ጨርሻለሁ" አለ።

አጎትየው አሁን ገባቸው። "አንተ ልጅ፣ እኔን ልታጃጅል ነው? ከኋላው ተቆርሶ ይጨመርላት! በጨርቋ ትለካለች፣ አንተ ቆመህ ታያለህ።"

እሷ የመሥሪያ ቦታ አገኘች። ደስታው ግን አልዘለቃትም፤ አንድ ነገር ከነከናት። ጠጋ ብላ፣ አጎታቸው እንዳይሰሙ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

"ጋሼ፣ እውነቱን ንገረኝ። እኩል እንዳልሆኑ አታውቅም ነበር? ወይስ እያወቅህ ነው ያደረግኸው?" አለችው።

"ተይኝ እስቲ" ብሎ ፊቱን አዞረ። ስለ እሱ ከማታውቀው ላይ አንድ ተጨመረላት።