እናቴ የምታለቅስበት ካብ

እናቴ የማንንም ለቅሶ አታልፍም ነበር። ሰው ሞተ ከተባለ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ትነሣለች፤ የሟቹን ስም እንኳ የምትሰማው መንገድ ላይ ነው። የሟች ልጆች ዝም ካሉ በኋላም እሷ አታቆምም። አንድ ጊዜ እስከ ጋዝጊብላ በእግሯ ሄዳ የማናውቃቸውን ሽማግሌ ስታለቅስ ውላ፣ ፊቷን ቧጥጣ ደም በደም ሆና ተመለሰች። የሟች ልጅ ግራ ገብቶት “ለመሆኑ እናታችን፣ አባታችን ምንዎ ናቸው?” ቢላት ትታው ነው የመጣችው። “ምነው ያኔ መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ!” አለችኝ።

ለማን እንደምታለቅስ አውቃለሁ፤ ለወንድሜ ነው። በጅቡቲ በኩል ወደ ሳዑዲ ሲሻገር ጀልባቸው ተገለበጠ። ከመንደራችን አብሮት የሄደው ልጅ በስንት መከራ ዳር ወጥቶ ደወለልን። “ከጎኔ ነበር፤ ከዚያ በኋላ አላየሁትም” ነው ያለው። አባቴ የደብራችን ቄስ ናቸው። ይህቺን “አላየሁትም” ይዘው ድርቅ አሉ። “ሲሞት ካላየ ምኑን መሰከረ? ልጄ አልሞተም። አንዱ አገር ታስሮ ይሆናል፤ ይመጣል” አሉ። ፍትሐት የለ፣ ተዝካር የለ፣ ቤታችን ውስጥ ለቅሶ የለ። እናቴ እንባዋ ሲመጣ የሌላ ሰው ሬሳ መፈለግ ነበረባት።

እኔ ያን ጊዜ ሰቆጣ ውስጥ ተቀጥሬ የትምህርት ቤትና የጤና ጣቢያ ፕላን እነድፍ ነበር። እናቴ ያን የተቧጠጠ ፊት ይዛ ስትመጣ ተንጨረጨርኩ። ለሕዝቡ ሽንት ቤት ሳይቀር ስነድፍ እየዋልኩ እናቴ የምታለቅስበት ቦታ ትጣ?

መጀመሪያ የነደፍኩት መቃብር ነበር፤ ከተማ ውስጥ ፋሽን የሆነውን ዓይነት፣ በሲሚንቶ የተገነባ፣ ሴራሚክ የለበሰ፣ ፎቶ የሚገባበት መስታወት ያለው። አባቴ ወረቀቱን አዩና “ማን ሊገባበት ነው?” አሉኝ።

“ማንም።”

“እንግዲያው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሬሳ የሌለው መቃብር አላስቆፍርም። ወንድምሽን በቁሙ ልትቀብሪው ነው?”

“እርስዎ ስላላለቀሱ እሷም አታልቅስ ነው እንዴ የሚሉት?” አልኳቸው። እንዲህ ያለ ቃል ለአባቴ ተናግሬ አላውቅም። እሳቸውም መስቀላቸውን ይዘው ወጡ።

እሺ፣ ከቅጥር ውጭ ይሁን አልኩ። ወንድሜን የሸኘነው ከመንደራችን በላይ፣ አፋፉ ላይ፣ ወይራዎቹ ጋ ነው። ከዚያ ወዲያ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ሰቆጣ ይወርዳል፤ የሚሄደውም የሚመጣውም ሰው ከሩቅ ይታያል። እዚያ የሚቆም በር ነደፍኩ፣ ቀደድኩት። ዓምድ ነደፍኩ፣ ቀደድኩት። ደረጃ ጨመርኩ፣ የድንጋይ መስቀል ጨመርኩ። የሥራ ባልደረባዬ ጎንበስ ብሎ አየና “አንቺ፣ ለአንዲት እናት ስታዲየም ልትሠሪ ነው?” ሲለኝ እርሳሱን ወረወርኩበት። ግን እውነቱን ነው። አፋፉ ላይ ወጥቼ እለካለሁ፤ ወርጄ እሰርዛለሁ፤ ደግሞ እወጣለሁ። እህል አልበላ አለኝ።

በዚያ ላይ ነፋሱ! እዚያ ቆሞ የሚያለቅስ ሰው ድምፁ ወደ አበርገሌ ቆላ ተወስዶ ይቀራል። ለቅሶ ደግሞ ተቀባይ ይፈልጋል፤ አንዷ ሙሾ ስታወርድ ሌሎቹ ፊት ለፊቷ ሆነው ካልተቀበሏት አይወጣላትም። ዓምድ ምን ይቀበላል? ይኼ ሲገባኝ ሌላውን ሁሉ ትቼ አንድ ክብ ካብ ብቻ ነደፍኩ። ቁመቱ እስከ ጉልበት፣ ላዩ ለመቀመጫ የሚሆን ሰፊ፣ ባንድ በኩል መግቢያ ያለው፤ ወይራዎቹ ነፋሱን እንዲይዙልኝ ከሥራቸው ጠጋ ያለ። ሲሚንቶ የለው፣ ጽሑፍ የለው። ዙሪያውን የተቀመጡ ሴቶች ፊት ለፊት ይተያያሉ።

ግንበኞች ከዚያው ከአፋፉ በተለቀመ ድንጋይ ካቡልኝ። አባቴ ሲያልፉ “ምንድን ነው ይኼ?” አሉ። “ማረፊያ ነው፣ አባ” አልኳቸው። “እንዲያ ከሆነ ደግ ነው” ብለው አለፉ።

ካቡ እንዳለቀ እናቴ ጎረቤቶቿን ይዛ ወጣች። ከእኛ ጋር የምታወራው በአማርኛ ነው፤ ለቅሶዋ ግን በእናቷ ቋንቋ፣ በኽምጣንጋ ነው። ስሙን ጠርታ አወረደች፤ ሴቶቹም ተቀበሏት። ከዚያ ወዲህ የሰው ቀብር ማሳደዷን ተወች።

ምን ያደርጋል፣ እፎይታዬ አልቆየም። አባቴ ሴቶቹ መውረዳቸውን ጠብቀው ይመጡ ጀመር። በገበያ ቀን፣ ሰው ከሰቆጣ በሚመለስበት ሰዓት፣ ካቡ ላይ በውጭ በኩል ይቀመጣሉ፤ ጀርባቸውን ለክቡ፣ ፊታቸውን ለመንገዱ ሰጥተው። ብቅ የሚለውን ወጣት ሁሉ በእጃቸው ግንባራቸውን ከልለው ያያሉ። ይኼን እኔ አልነደፍኩም። እናቴ ትብከነከናለች። “ፍትሐት ሳይደረግለት ነፍሱ ምን ታርፋለች? አንድ ቀን እንኳ ገብተው ነፍሱን ይማር ቢሉልኝ ሌላ አልፈልግም” ትለኛለች። ለእሳቸው ስነግራቸው ወሬ ይለውጣሉ። በሁለቱ መካከል ስመላለስ ዓመታት አለፉ።

አንድ የገበያ ቀን እናቴና እኔ ካቡ ውስጥ ሳለን አባቴ መጡ። ያን ቀን መውረዳችንን አልጠበቁም። በውጭ በኩል ተቀመጡ። ገበያተኛው አለፈ፣ አህያው አለፈ፣ መንገዱ ጭር አለ። ከዚያ አንድ እግራቸውን አንሥተው ካቡን አሻገሩ፤ ሌላውንም አሻገሩና ወደ እናቴ ዞሩ።

“በይ እንግዲህ” አሉ፤ “ነፍሱን ይማረው። ነገ ካህናቱን እጠራለሁ፤ ፍትሐቱ ይድረስለት።”

እናቴ ፊቷን ትቧጥጣለች ብዬ እጇን ልይዝ ተነሣሁ። ስንት ዓመት የለመነችው ቃል ነው! እሷ ግን ፊቷ ዐመድ መሰለ።

“ምን አሉ?” አለች። “እኔ እኮ እርስዎ እየጠበቁልኝ ነው ያለቀስኩት። እርስዎ ከተዉት ማን ሊጠብቀው ነው?”

እናቴ ነጠላዋን ሰብስባ፣ በመግቢያው ወጥታ፣ ዞራ አባቴ በነበሩበት በኩል ፊቷን ወደ ሰቆጣ መንገድ አድርጋ ተቀመጠች። አባቴ ውስጥ ሆነው ማልቀስ ጀመሩ። እሳቸው ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም ነበር። ወደ እሷ ልውጣ ወይስ ከእሳቸው ጋ ልሁን ጨነቀኝ፤ ወዲያ አየሁ፣ ወዲህ አየሁ። ከዚያ ሄጄ ከአባቴ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ።